ድልድዩ ሳይዘጋ

ካሚዮኑ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲያያዘው ሕፃኑ እንደገና ማልቀስ ጀመረ። ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ እንዳነቀ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ “ኧረ በናታችሁ አንድ ነገር አድርጉት!” ብሎ ጮኸ። “ፍሬኑም ይጮኻል፣ እሱም ይጮኻል፤ የቱ ሊበጠስ እንደሆነ በምን ልወቅ?”

አስር አለቃው በሾፌሩና በልብስ አጣቢዋ መሃል ተጣብቆ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ የጥይት ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ የሻለቃው ልጅ። ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ወዲህና ወዲያ ነቀነቀው። ልጁ ባሰበት።

“ጋሼ ምላጭ፣ ዱቄት እየነፉ እኮ አይደለም” አለች አጣቢዋ። “ይስጡኝ።”

ሰጣት። እቅፏ ሲገባ ልጁ ጸጥ አለ። ሾፌሩ በረጅሙ ተነፈሰ።

ምላጭ የሚሉት የሰፈሩ ወታደሮች ናቸው። የሻለቃው ጦር ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ማዕረጉ አስር አለቃ ይሁን እንጂ ጠመንጃ ከያዘበት ቀን መቀስ የያዘበት ይበልጣል። ትናንት ሻለቃው “ልጅ ያሳደገ ማነው?” ብለው ሲጠይቁ፣ “አራት ሴት ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ” ብሎ ከሰልፉ የወጣው እሱ ነበር። ያልተናገረው ነገር ቢኖር አራቱም ሲወለዱ እሱ ሩቅ ጦር ሰፈር ውስጥ የሰው ፀጉር ሲከረክም እንደነበረ ነው። ዛሬ ጠዋት የልጁን ጨርቅ ልቀይር ብሎ ሞክሮ አጣቢዋ እየሳቀች ከእጁ ነጠቀችው። ከሳቀች ቆይታ ነበር። ከዚያ በኋላም አልሳቀችም።

ጦርነቱ አገሩን ለሁለት ከከፈለ በኋላ ወንዙ ድንበር ሆኗል። የሻለቃው ሚስት ወንዙን የተሻገረችው ለአንድ ቀን ብላ ነበር፤ አባቷ ሞቶ ልትቀብር። ልጁ ያስለው ስለነበር የወንዙ ብርድ እንዳይመታው ሰግታ፣ የራሷን ሴት ልጅ ታጠባ ለነበረችው ለጦር ሰፈሩ ልብስ አጣቢ አደራ ሰጥታው ሄደች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተኩስ ተከፈተ፤ ድልድዩ ተዘጋ። ያን ጊዜ ልጁ አንገቱን እንኳ በቅጡ አላጸናም። አሁን ሁለት ጥርስ አብቅሏል፤ ደግፈው ሲያስቀምጡት እንደ ዳኛ ኮራ ብሎ ይቀመጣል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይሰዳል።

የአጣቢዋ ባል በመጀመሪያው ውጊያ ወንዙ ዳር ወደቀ። ልጇ ደግሞ በወሩ በትኩሳት ሞተች። ከዚያ ወዲህ የቀራት ይኼ ልጅ ነው። “አለቃዬ” ትለዋለች። የመኮንኖቹን ሸሚዝ ስታጥብ በጀርባዋ ታዝለዋለች፤ ስታሰጣ ገንዳው አጠገብ ታስቀምጠውና የሳሙና አረፋ እፍ እያለች ታስቀዋለች።

ሁለቱ ወገኖች ለአንድ ቀን ተኩስ ሊያቆሙ የተስማሙት በብዙ ድርድር ነው። በጦርነቱ የተለያዩ ሴቶችና ሕፃናት ወደየቤተሰባቸው ይሻገራሉ፤ ፀሐይ ስትገባ ድልድዩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ጠዋት ሲነሱ ሻለቃው እስከ ካሚዮኑ አልመጡም። ቢሯቸው በር ላይ ቆመው “ውሰዱት” አሉ። አስር አለቃው ግን ኮታቸውን አዛንፈው እንደቆለፉት አይቷል። ለአንዲት የላላች ቁልፍ ወታደር የሚቀጡ ሰው ናቸው።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ አጣቢዋ፣ “ያቁሙልኝ፤ ረጥቧል” አለች። ቆሙ። ጨርቁን ለመቀየር ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ አጥፋ ፈታችው፣ ፈትታ አጠፈችው። ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ “ሊያስመልሰኝ ነው” አለች። ቆሙ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ራሷን በእጇ ደግፋ ቆየች እንጂ ምንም አላስመለሳትም። ቀጥሎ የልጁን ጡጦ ድንጋዩ ላይ ረስታው ኖሮ ወደኋላ ተመለሱ።

“አስር አለቃ” አለ ሾፌሩ፣ በጭቃ መከላከያው ላይ የተሰቀለውን ነጭ ባንዲራ እያቃና። ባንዲራው የሻለቃው የትራስ ልብስ ነው። “ይኼ አካሄድ እኮ ነገም አያደርሰንም። እኔ ሞተሩን ባጠፋሁ ቁጥር በብረት ዘንግ አዙሬ የማስነሳው እኔው ነኝ። ክንዴ ሊገነጠል ነው።”

“ግባና ንዳ።”

“መንዳቱንስ እነዳ ነበር፤ ማን አስነዳኝ!”

መንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪኖች ጎማቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ተጋድመዋል። ጋምባሌያቸውን የፈቱ ወታደሮች የፈረሰ ቦይ ይጠግናሉ፤ ነጩን ባንዲራ ሲያዩ አካፋቸውን ተደግፈው ቀና ይላሉ። አስር አለቃው አንገቱን በመስኮት እያወጣ ፀሐይዋን ያያል። አናት ላይ ነበረች፤ አሁን ወደ ማዘንበሉ ነች። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። አጣቢዋ ልጁን ሳጥኑ ውስጥ አስተኝታ ሳጥኑን እግሯ ሥር አድርጋለች፤ እሷም ዓይኗ መንገድ ላይ አይደለም።

“ጋሼ” አለች ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ግንባሩን ይንኩት እስቲ።”

ነካው። ይፋጃል።

“ትኩሳት ነው” አለች። “የኔም ልጅ እንዲህ ነው የጀመራት። በዚህ ላይ የወንዝ ንፋስ ቢመታው አይተርፍም። እንመለስ።”

“አቁም!” አለ አስር አለቃው።

ሾፌሩ ምንም ሳያጉረመርም አቆመ። አስር አለቃው ሳጥኑን ተሸክሞ ወረደና አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አኖረው። ልጁን አውጥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ብቻ በቆቡ ያራግብለታል። ልጁ የወታደር ኮቱን የናስ ቁልፍ አፉ ውስጥ ከትቶ ያኝካል። ትንሽ ቆይቶ አስር አለቃው ግንባሩን ነካው። ቀዝቅዟል። አንገቱን፣ እግሩን ነካ። ምንም የለም። ያን ጊዜ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብሎ በአንድ በኩል እጁን ቢያሳርፍ እንጨቱ እንደ ምድጃ ይጋረፋል።

ካሚዮኑ ውስጥ፣ አጣቢዋ እግሯን ባስቀመጠችበት በኩል፣ የሞተሩ የብረት ክዳን አለ። ሾፌሩ ሻዩን የሚያሞቅበት ነው።

ቀና ሲል አጣቢዋ ከፊቱ ቆማለች።

“ሞተሩ ላይ አስጠግተሽው ነው።”

አጣቢዋ ብርድ ልብሱን ከሳጥኑ አንስታ አራገፈች።

“ሆን ብለሽ ነው?”

“እንዳይፋጅ እጄን መሃል አድርጌ ነበር” አለች። መዳፏን ገልብጣ አሳየችው፤ ጀርባው ቀልቷል። “እሱን አላቃጥለውም። እሱን እንዴት አቃጥለዋለሁ?”

“አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያሰብሽ ነው? ይዘሽው ልትጠፊ?”

“የት እጠፋለሁ? እንዲመሽ ነው የፈለግኩት። እንዲመሽ ብቻ።” ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። “እንዘገያለን፣ ድልድዩ ይዘጋል፣ እንመለሳለን። እኔ አልሰረቅኩትም፤ ድልድዩ ነው የተዘጋው። እንዲህ ብዬ ነው ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት።”

“እናቱስ?”

“እናቱ ትታው ሄደች።”

“ለቀብር ነው የሄደችው!”

“እኔም ቀብሬያለሁ፣ ጋሼ። እሱን ትቼ ግን የትም አልሄድኩም።”

አስር አለቃው መቆጣት ይገባው ነበር፤ ተቆጥቷልም። ነገር ግን ቁጣው የት ላይ እንደሚያርፍ አላወቀም። ልጁን አቅፎ ወደ ካሚዮኑ ተመለሰ። “ከዚህ በኋላ እኔ ነኝ የምይዘው” አለ። “ብትፈልጊ ግቢ፣ ባትፈልጊ እዚሁ ቅሪ።”

ገባች። ሾፌሩ ዘንጉን አዙሮ ሞተሩን አስነሳ።

አንድ ኮረብታ ዞረው እንደወረዱ ካሚዮኑ ቆመ። የትናንት ዝናብ መንገዱን ከጎኑ ገምሶ ወደ ገደል ወስዶታል፤ የቀረው ለሰውና ለአህያ የምትበቃ ጠርዝ ናት። ሾፌሩ ወርዶ አየና ራሱን አከከ። “መኪናዬ ክንፍ የላትም” አለ። “ወንዙ ከዚያች ጉብታ ባሻገር ነው። በእግር ከቸኮላችሁ ትደርሱ ይሆናል።”

አስር አለቃው ልጁን ታቅፎ ጉዞ ጀመረ። አጣቢዋ ከኋላ ትከተላለች፤ እግሯን ትጎትታለች፤ ዘወር ባለ ቁጥር ርቃ ያያታል። ልጁ አሁን እንደ ቅድሙ አይደለም። ርቦታል። ፊቱን ኮቱ ላይ እያሻሸ ጡት ይፈልጋል፤ ሲያጣ እየተወራጨ ይጮኻል። አስር አለቃው ጡጦውን አፉ ላይ አደረገለት። የቆርቆሮ ወተት በውሃ የተበጠበጠ ነው፤ ልጁ ቀምሶ ተፋው። ደገመለት፤ በእጁ መትቶ ከመሬት ጣለው።

“ኧረ አለቃዬ፣ ኧረ ጌታው” አለ አስር አለቃው፣ ላቡ በጆሮው እየወረደ። “ምን በደልኩህ?”

ጉብታው ላይ ከድልድዩ የሚመለሱ ሰዎች አገኟቸው። ከሁሉ ፊት አንዲት ወፍራም ሴት የእጅ ልብስ ስፌት መኪና በራሷ ተሸክማ፣ እያለከለከች ትመጣለች። ከማዶ የተሻገረች ልብስ ሰፊ ናት። ልጁን ስታይ ቀጥ አለች።

“የሻለቃው ልጅ ነው?”

“እንዴት አወቅሽ?”

“ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን? ጎረቤቴ እኮ ናት እናቱ!” የስፌት መኪናዋን አውርዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና እጇን አማታች። “ኧረ ሩጡ፣ ኧረ በእግዜር ሩጡ! ከጠዋት ጀምራ ድልድዩ አፍ ላይ ቆማለች። ውሃ እንኳ ቀምሺ ብንላት እምቢ። ምስኪን፣ ያን ሁሉ ወር ስትታለብ ከርማ ዛሬ ብትቀሩባትማ…”

“ምን ስትሆን?” አለች አጣቢዋ። ከኋላቸው ደርሳለች።

“ወተቷን ነዋ! ጠዋት ታልበዋለች፣ ማታ ታልበዋለች። ሌሊትም ብርሃን ሲበራ አያለሁ። ‘ከደረቀ ልጄ ሲመጣ ምን እሰጠዋለሁ?’ ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ አበደች አለ። እናቷ ለምናታለች፤ ‘ተይው ልጄ፣ ሰውነትሽን ጨረስሽው’ ብላ። አንድ ሰሞን ቆስላ ትኩሳት ጣላት፤ እያለቀሰች ታልበዋለች። እኔ ራሴ ስቄባታለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።”

አጣቢዋ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አኖረች።

“ያማል” አለች፤ ለማንም አይደለም የተናገረችው። “ልጄን ቀብሬ የመጣሁ ዕለት እንደ ድንጋይ ሆኖብኝ ነበር። እሱ ለሁለት የመጣውን ብቻውን አይጨርሰውም። ግድግዳ ይዤ ነው ያደርኩት።” ወደ ሰፊዋ ዞራ፣ “ያን ሁሉ ወር?” አለች።

“ያን ሁሉ ወር።”

አጣቢዋ ወደ አስር አለቃው ቀረበችና እጇን ዘረጋች። ተጠራጠረ፤ ፊቷን አየና ሰጣት። ልጁ ሽታዋን እንዳወቀ ቀሚሷን በሁለት እጁ ጨምድዶ አፉን ከፍቶ ተጠጋ። የቀሚሷ ደረት ወዲያው ረጠበ።

“አጥቢውና እንሂድ” አለ አስር አለቃው። “ቶሎ በይ፤ ነፍሱ ልትወጣ ነው።”

“አላጠባውም።”

“ምን?”

“ርቦት ይድረስላት” አለች። “ከጠገበ አይወስድላትም። ጥርስ አብቅሏል፤ ይመርጣል።” ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቁልቁል ወረደች። ስትጎተት የዋለችው ሴት አሁን አስር አለቃውን ከኋላዋ አስሮጠችው። ልጁ ጆሮዋ ሥር ይጮኻል፤ እሷ “እሺ አለቃዬ፣ እሺ፣ ደርሰናል” እያለች ታለቅሳለች። እግሯ ግን አንዴም አልቆመም።

ድልድዩ የእንጨት ነው። በሁለቱም ጫፍ የአሸዋ ከረጢት ተከምሮ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ገመድ ተወጥሯል። ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰረ የወዲህኛው ወገን ወጣት መቶ አለቃ በሰንሰለት የተያዘ የኪስ ሰዓቱን ከፍቶ ቆሟል። ፀሐይዋ የማዶውን ተራራ ነክታለች።

“ልዘጋ ነበር” አለ መቶ አለቃው።

“ሙሉ አልገባችም፣ ጌታዬ” አለ አስር አለቃው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። “ይመልከቱ፣ ግማሿ አለች።”

መቶ አለቃው ፀሐይዋን አየ፤ ልጁንም አየ። “ወታደር አንድ እርምጃ አያልፍም። ሴትየዋ ገመዱ ድረስ ሄዳ ታስረክብና ትመለስ። ቶሎ!”

አጣቢዋ ድልድዩ ላይ ወጣች። ከወዲያ በኩል አንዲት ቀጭን ሴት መሮጥ ጀመረች፤ ሁለቱ ገመዱ ጋ ተገናኙ። አስር አለቃው ከከረጢቶቹ ኋላ አንገቱን አስግጎ ያያል።

እናቲቱ ልጁን ተቀበለች። ልጁ ፊቷን አየ፤ ከዚያ እየጮኸ ወደኋላ ተለመጠና ሁለት እጁን ወደ አጣቢዋ ዘረጋ። እናቲቱ ደነገጠች። ልጁ ሊወድቅባት ነበር። ፊቷ ላይ የታየውን ነገር አስር አለቃው ማየት አቅቶት ዓይኑን ወደ ውሃው አዞረ።

መልሶ ሲያይ አጣቢዋ ከገመዱ ሥር አጎንብሳ አልፋለች። እናቲቱን ትከሻዋን ይዛ ሳንቃው ላይ አስቀመጠቻት፤ እሷም አጠገቧ ተንበረከከች። “በግራ ነው የሚወደው፣ እትዬ” ስትል ሰማት። “ጆሮሽን ስጪው፣ ጆሮ ካልያዘ አይጠባም። እንዲህ… እጁን እዚህ።” የልጁን ትንሽ እጅ ይዛ የእናቱ ጆሮ ላይ አኖረችው።

ጩኸቱ ተቆራረጠ። ተመለሰ። ከዚያ ቀጥ አለ።

ድልድዩ ላይ የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ። በሁለቱም ጫፍ የቆሙ ወታደሮች፣ ትናንት ሲተኳኮሱ የነበሩት፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያሉ። የመቶ አለቃው ሰዓት ክፍት ነው፤ እሱ ግን ሰዓቱን አያይም።

ፀሐይዋ ጠለቀች። መቶ አለቃው ፊሽካ ነፋ።

አጣቢዋ ተነሳች። አንድ እርምጃ ወደዚህ ተራመደች። እናቲቱ ልጁን እንዳቀፈች በሌላው እጇ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች፤ የሆነ ነገር እየተናገረች ነው፤ ከዚህ አይሰማም። አጣቢዋ ወደ ማዶ አየች። እዚያ ባሏን የገደሉት ሰዎች ከረጢታቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ወደዚህ አየች። እዚህ የመኮንኖች ሸሚዝ፣ ገንዳና አንዲት ትንሽ መቃብር አለ። ከዚያ አስር አለቃውን አየችው።

“አስር አለቃ፣ ሴትዮህን ጥራት!” አለ መቶ አለቃው። “ድልድዩን ልዘጋ ነው። የእናንተ ሰፈር ሰው ናት፤ ብትቀር ተጠያቂው አንተ ነህ።”

አስር አለቃው አፉን ከፈተ። ሊጠራት ነበር፤ ትእዛዙ ልጁን አስረክቦ ሴትየዋን ይዞ መመለስ ነው። እሷ አትለምነውም፤ ትጠብቀዋለች ብቻ። ከሁለቱ ዳር የትኛው እንደሚከብዳት እሱ ከየት ያውቃል?

እጁን አነሳና ወደ ማዶ አወዛወዘላት። “ሂጂ!” ብሎ ጮኸ። “ሂጂ እንጂ!”

ወደ መቶ አለቃው ዞሮ፣ “የኛ ሰው አይደለችም” አለ። “የልጁ ናት። ለሚጠይቀኝ እመልሳለሁ።”

ካሚዮኑ ጋ ሲደርስ ሾፌሩ ከኋላው ሰው ፈለገ። “ሴትየዋስ?” አለ። አስር አለቃው “ቀረች” አለው። ሾፌሩ ዘንጉን አንስቶ ሞተሩን ለማስነሳት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሻለቃው ቢሮ ተጠራ። ሻለቃው ቆመው ነበር፤ ኮታቸው ዛሬ በቅጡ ተቆልፏል።

“ሳይዘጋ ደረሳችሁ?”

“ደረስን፣ ጌታዬ።”

“አጣቢዋ አልተመለሰችም አሉኝ።”

“እኔ ነኝ የለቀቅኳት።”

“በማን ትእዛዝ?”

“በማንም፣ ጌታዬ።”

አስር አለቃው እስር ቤቱን፣ የማዕረጉን መገፈፍ፣ ሁሉን አሰበ። ሻለቃው ግን ያንን ነገር ትተውት፣ በዝግታ፣ “እናቱን አወቃት?” አሉ።

ሊዋሽላቸው ፈለገ፤ አልቻለም። “መጀመሪያ አላወቃትም፣ ጌታዬ። አለቀሰ። በኋላ ግን ጠባ።”

“ምን አልክ?”

“ጠባ። የእናቱን ጡት ጠባ።”

“ምን ጡት?” አሉ ሻለቃው። “ስንት ወር ሆነው እኮ። ወተት ከየት አመጣች?”

እንደማያውቁ ያን ጊዜ ገባው። ከሰፊዋ የሰማውን ነገራቸው፤ ጠዋት ማታ እንዴት ታልበው እንደነበር፣ ሌሊት ስለሚበራው ብርሃን፣ ስለ ቁስሏ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ አበደች እንዳላት። ሻለቃው ጠረጴዛውን በእጃቸው ፈለጉና ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። ደጅ ወታደሮች ይሰለፋሉ፤ የሃምሳ አለቃ ትእዛዝ ይሰማል። እሳቸው አልሰሙም።

“አጣቢዋን ማን ፈቀደላት ብለው ከጠየቁህ ሻለቃው በል” አሉ በመጨረሻ።

“እሺ፣ ጌታዬ።” ሰላምታ ሰጥቶ ሊወጣ ዞረ።

“አስር አለቃ።”

“አቤት፣ ጌታዬ።”

“በሩን ዝጋውና ተቀመጥ። ቀስ ብለህ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ደግመህ ንገረኝ።”

አስር አለቃው በሩን ዘጋ። በውትድርና ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻለቃ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።